የሰሚ ያለህ!

በአገራችን የተበደለ ሰው የመጨረሻ ጩኸት አንድ ነው። ርስቱን የተነጠቀ፣ ፍርድ የተጓደለበት፣ ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ ጫማው ያለቀበት ባለጉዳይ፣ ነገሩ ሁሉ አልሆን ሲለው እጁን ዘርግቶ «የሰሚ ያለህ!» ይላል። ይህ ጩኸት «ፍርድ ስጡኝ» ከማለት አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ነው፤ ፍርዱስ ይቆየኝ፣ ብቻ ቃሌን የሚያደምጥ አንድ ጆሮ ይገኝልኝ ማለት ነውና። በነገሥታቱ ዘመንም ባለጉዳይ ንጉሡ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ቆሞ «አቤት! አቤት!» እያለ ይጮህ ነበር። ይህ «አቤት» የሚባለው ቃል ደግሞ የሚገርም ጠባይ አለው፤ የለማኝ መጮኺያ ሆኖ ሳለ፣ የተጠራም ሰው መልስ መስጫ ነው። እናት ልጇን ከጓሮ ብትጠራው «አቤት እማዬ» ይላል።

ዛሬ በዚህ ዓምድ የማነሣው ስለ አንድ አቤት ባይ ነው። ይህ አቤት ባይ ግን ድሀ አይደለም፤ ርስቱንም የነጠቀው የለም። በዕብራውያን ቅዱሳት መጻሕፍት፣ ማለት እኛ ኦሪትና ነቢያት፣ መዝሙርና ጥበብ በምንላቸው መጻሕፍት ውስጥ «የሰሚ ያለህ» ሲል የሚገኘው እግዚአብሔር ራሱ ነው። አነጋገሩ ድፍረት የሚመስለው አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኛ የለመድነው ሰው ለማኝ፣ እግዚአብሔር ሰሚ መሆኑን ነውና። ልጆቻችንን እንኳ «ይስማዕከ» ብለን ስም እናወጣለን፤ እግዚአብሔር ይስማህ ማለታችን ነው። መጻሕፍቱን ቀስ ብሎ ላነበበ ሰው ግን፣ ነገሩ ተገላብጦ የሚገኝበት ስፍራ ከሚጠብቀው በላይ ብዙ ነው።

ከቃሉ እንጀምር። ዕብራይስጡ «ሻማዕ» ይላል፤ ግዕዙ «ሰምዐ» ይላል፤ እኛ «ሰማ» እንላለን። ሥሩ አንድ ነው። ስለዚህም ፈረንሳዊ ወይም እንግሊዛዊ አንባቢ ከሊቃውንት ማብራሪያ የሚማረውን ነገር እኛ ከእናታችን ጡት ጋር ጠጥተነዋል። አንዲት እናት ለጎረቤቷ «ይህ ልጅ አልሰማም አለኝ» ብትላት፣ ጎረቤቲቱ ወደ ጆሮ ሐኪም ውሰጂው አትላትም። አልታዘዝም ማለቱ እንደሆነ ወዲያው ይገባታል። በዕብራይስጡም እንደዚሁ ነው፤ በትርጉም መጻሕፍት «ታዘዘ» ተብሎ የምናነበው ቃል አብዛኛውን ጊዜ ይኸው «ሻማዕ» ነው። መስማት ከጆሮ ተነሥቶ፣ በልብ አልፎ፣ በእጅና በእግር የሚያልቅ አንድ ሥራ ነው እንጂ፣ ዛሬ ሰምቶ ነገ መታዘዝ የሚባል የሁለት ቀን ሥራ አይደለም።

አይሁድ ጧትና ማታ የሚደግሙት ታላቁ ቃል፣ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 የሚገኘው፣ የሚጀምረው በዚህ ግስ ነው፤ ስሙም ከዚሁ የተነሣ «ሽማዕ» ይባላል፤ ስማ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ «እመን» ብሎ አይጀምርም፤ «ስገድ» ብሎም አይጀምርም። በብራና የሚጻፈው የኦሪት ጥቅልል ላይ ጸሐፊዎች በዚህ ቁጥር ሁለት ፊደላትን አጉልተው ይጽፋሉ፤ አንደኛው የመጀመሪያው ቃል መጨረሻ የሆነው ዐይን ነው፤ ሁለተኛውም የመጨረሻው ቃል መጨረሻ የሆነው ዳሌት ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ «ዔድ» የሚል ቃል ይወጣል፤ ትርጓሜውም ምስክር ነው። እኔን የገረመኝ ግዕዛችን ያለ ምንም ፊደል ማጉላት ያንኑ ሐሳብ ማግኘቱ ነው። በግዕዝ «ስምዕ» ምስክርነት ነው፤ «ሰማዕት» ምስክር ነው። ስለ ሃይማኖቱ ደሙን ያፈሰሰውን ሰው የምንጠራበት ስም ከመስማት ሥር የበቀለ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንለፍ። በዘዳግም ምዕራፍ 5 ሙሴ የኮሬብን ነገር ለሕዝቡ መልሶ ያስታውሳቸዋል። ተራራው በእሳት ሲነድ ሕዝቡ ፈሩ፤ ሙሴንም፣ አንተ ቀርበህ የሚለውን ሰምተህ ንገረን እንጂ እኛስ ድምፁን መሸከም አልቻልንም፣ የነገርኸንን ሁሉ እንፈጽማለን ብለው ለመኑት። እግዚአብሔርም ንግግራቸውን ወደደው። የሚያስደንቀው ከዚያ በኋላ የተናገረው ነው። ይህ አሁን ያላቸው ልብ ምንጊዜም እንዲኖራቸው ተመኘ። አላዘዘም፤ ተመኘ። ዕብራይስጡ በዚህ ስፍራ «ሚ ይቴን» ይላል፤ ሲተረጐም «ማን ይሰጣል» ማለት ሲሆን፣ እኛ «ምነው በሆነ»፣ «ማን በሰጠኝ» እያልን የምንመኝበት ዓይነት አነጋገር ነው።

ይህም አነጋገር በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የጨነቀው ሰው ቋንቋ ነው። መዝሙረኛው ከጠላቶቹ ለመሸሽ የርግብ ክንፍ የተመኘው በዚሁ ነው፤ ኤርምያስ ስለ ሕዝቡ ጥፋት ለማልቀስ ዐይኑ የእንባ ምንጭ እንዲሆንለት የተመኘው በዚሁ ነው። ከሁሉ ይልቅ ኢዮብ፣ ሀብቱን፣ ልጆቹንና ጤናውን አጥቶ በዐመድ ላይ ተቀምጦ፣ በምዕራፍ 31 ክርክሩን ሊጨርስ ሲል የሚሰማው እንዲያገኝ የተመኘው በእነዚሁ ሁለት ቃላት ነው። የእኛን «የሰሚ ያለህ» ወደ ዕብራይስጥ መልስ ብባል ይህን የኢዮብን ቃል እመርጣለሁ። እንግዲህ አስቡት፤ ምስኪኑ ኢዮብ ከዐመድ ላይ በተናገረበት አነጋገር፣ በኮሬብ ከእሳት መካከል የተናገረውም አምላክ ተናገረበት። ሁለቱም ያጡት አንድ ነገር ነው፤ ሰሚ።

አንድ ተማሪዬ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ስለዚህ ነገር ስንጫወት፣ «መምህር፣ ሁሉን የሚችል ከሆነ ስለምን ይመኛል? ያድርገዋ!» አለኝ። ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል እንጂ የልጅ ጥያቄ አይደለም። ባሕር ከፍሎ ሕዝብ ያሻገረ፣ ከዐለት ውሃ ያፈለቀ አምላክ፣ የአንድን ገበሬ ልብ ወደ ቃሉ ማዘንበል ሲፈልግ «ምነው» ይላል። የታልሙድ መምህራን ይህን አስበውበት፣ እግዚአብሔርን መፍራት ብቻ ለሰው የተተወ ነገር መሆኑን አስተምረዋል። እኔ ግን ከመምህራኑ ይልቅ የራሴ ሥራ ያስረዳኛል። ስልሳ ተማሪ የተቀመጠበት ክፍል የገባ አስተማሪ ጸጥታን ማዘዝ ይችላል፤ ስም ጠርቶ የቀረውን ማወቅ ይችላል፤ ደብተር አውጡ ሲል ደብተር ይወጣል። መስማትን ግን ማዘዝ አይችልም። በመስኮት በኩል ወደ ሐይቁ የሚያይ ልጅ አንገቱን ቢያዞሩት ልቡ እዚያው ሐይቁ ላይ ይቀራል። መስማት ሲወሰድ ይጠፋል፤ ሲሰጥ ብቻ ይገኛል።

በዋርሶ ተወልዶ በ1972 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ የሞተው አብርሃም ኢያሱ ሄሼል የተባለ የአይሁድ ሊቅ በ1962 እ.ኤ.አ. ስለ ነቢያት ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ ይህንኑ ሐሳብ በሰፊው ተከትሎታል። የግሪክ ፈላስፎች አምላክ ምንም የማይነካው፣ የማያዝንና የማይናፍቅ ሲሆን፣ የነቢያት አምላክ ግን ሰው በሚሠራው ሥራ የሚነካ መሆኑን አስረድቷል። የእኛ አገር ሽማግሌ ይህን ያለ መጽሐፍም ያውቀዋል፤ «እግዚአብሔር ያዝናል» ይላል።

አንድ ነገር መሸሸግ አይገባም። ዘዳግም ምዕራፍ 28ን የከፈተ ሰው ለሚሰማ 14 ቁጥር በረከት፣ ለማይሰማ ግን 54 ቁጥር እርግማን ተደርድሮ ያገኛል። ዛቻ የለም የሚል አንባቢ መጽሐፉን አልገለጠውም። ሆኖም በመዝሙር 80 (በዕብራይስጡ 81) ዛቻው የት እንደሚያደርስ ተጽፏል። ሕዝቡ አልሰማም አለ፤ እግዚአብሔርም እንደ ልባቸው ምኞት ይሂዱ ብሎ ለቀቃቸው። ቅጣቱ ይኸው ነው፤ መልቀቅ። ለቀቃቸውም ብሎ ነገሩን አይዘጋም፤ ወዲያው ምነው ሕዝቤ በሰማኝ ወደሚል ምኞት ይመለስና፣ ቢሰሙት ኖሮ ሊያበላቸው ያሰበውን ምርጥ ስንዴና የዐለት ማር ይቆጥራል። ኢሳይያስም በምዕራፍ 48 እንዲሁ ሰላማቸው እንደ ወንዝ ሊሆን ይችል እንደ ነበረ ይናገራል። ድግስ ደግሶ እንግዳ የቀረበት ሰው ማታ የተረፈውን ምግብ እያየ የሚናገረው ንግግር ነው።

ኤርምያስ ደግሞ ሌላ ሥዕል አለው። በእርሱ መጽሐፍ እግዚአብሔር ነቢያቱን መላኩን ሲናገር ደጋግሞ ማልዶ መነሣቱን ይጠቅሳል። ማልዶ መነሣት የሚለው የዕብራይስጥ ግስ፣ አንዳንድ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ ትከሻ ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ጭነት መጫንን ያመለክታል። እንደ ነጋዴ፣ እንደ ገበሬ፣ ልጆቿን ለትምህርት ለማድረስ በሌሊት እሳት እንደምታቀጣጥል እናት ማለት ነው። ኤርምያስ ራሱ በንጉሥ ኢዮስያስ 13ኛ ዓመት ጀምሮ 23 ዓመት ሙሉ እንዲህ ማልዶ ሲናገር መኖሩን፣ እነርሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ማለታቸውን በምዕራፍ 25 ይናገራል። ሃያ ሦስት ዓመት! የአንድ አስተማሪ የሥራ ዘመን ሊሆን ምን ቀረው?

ከዚሁ መጽሐፍ በጣም የምወደው ግን ምዕራፍ 35 ነው፤ ብዙ ሰው ሲጠቅሰው አልሰማሁም። ሬካባውያን የሚባሉ ወገኖች ነበሩ። አባታቸው ኢዮናዳብ የወይን ጠጅ እንዳይጠጡ፣ ቤት እንዳይሠሩ፣ ዘር እንዳይዘሩ፣ ወይን እንዳይተክሉ፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ በድንኳን እንዲኖሩ አዝዟቸው ነበር። ኢዮናዳብ የንጉሡ የኢዩ ዘመን ሰው ነው፤ ስለዚህ ይህ ትእዛዝ እስከ ኤርምያስ ዘመን ከ200 ዓመት በላይ ቆይቷል። የናቡከደነፆርን ጦር ሸሽተው ኢየሩሳሌም በገቡ ጊዜ፣ ኤርምያስ ወደ ቤተ መቅደሱ ክፍል ጠርቶ ማድጋ ሙሉ ጠጅና ጽዋ አቀረበላቸው። በእግዚአብሔር ቤት፣ በነቢይ እጅ፣ ከስደት ለደረሰ መንገደኛ የቀረበ ጠጅ ነው፤ ማን እምቢ ይላል? እነርሱ ግን አባታችን አዝዞናል ብለው አልጠጡም።

ይህን ለመረዳት ሐበሻ ምንም ማብራሪያ አያሻውም። በአባቱ አጥንት የሚምል ሰው፣ አያቱ ሲሞት የተናገረውን አደራ ላለማፍረስ መሬት ሳይሸጥ የተራበ ሰው በየመንደራችን አለ። እግዚአብሔርም በሬካባውያን አልቀናባቸውም፤ አመሰገናቸው፤ ለዘራቸውም ተስፋ ሰጣቸው። ወደ ይሁዳ ሰዎች ዘወር ብሎ ግን የተናገረው ንግግር የቆሰለ ሰው ንግግር ነው። እነዚህ የሞተ አባታቸውን ቃል ሲሰሙ ኖሩ፤ እኔ ግን ማልጄ እየተነሣሁ ተናገርኋችሁ፣ አልሰማችሁኝም የሚል ነው። አንድ የመቃብር ቃል ሁለት መቶ ዓመት ሲከበር፣ ሕያው የሚናገረው ቃል አንድ ቀን አላደረም።

በምዕራፍ 8 ደግሞ ያው ነቢይ ወደ ሰማይ ያሳያል። ሽመላ ጊዜዋን ታውቃለች፤ ሌሎችም ወፎች የመምጫቸውን ወራት ይጠብቃሉ፤ ሕዝቡ ግን የአምላኩን ፍርድ አላወቀም ይላል። ነጩ ሽመላ በባሕር ላይ የሚያነሣው ሞቃት አየር ስለማያገኝ ባሕሩን ትቶ የብሱን ተከትሎ ይጓዛል፤ ስለዚህ በየዓመቱ ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ ሲወርድና ሲመለስ መንጋው በኤርምያስ አገር ሰማይ ላይ ያልፋል። በዕብራይስጥ ስሙ «ሐሲዳ» ነው፤ ቸር ወይም ታማኝ ከሚል ቃል የወጣ። እኛ ሐዋሳዎች የዚህን ወፍ ዘመድ ከቅርብ እናውቀዋለን። በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ጧት የሄደ ሰው አባ ኮዳን እንደ ሽማግሌ አንገቱን ሰብሮ ቆሞ ያገኘዋል። ሰዓት አያስር፣ ደወል አይደወልለት፤ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን አስጠግተው ቢላዋ ሲያወጡ ግን ቀርቶ አያውቅም።

ታዲያ እንዲሰማለት የሚፈልገው ነገር ምንድን ነው? ብዙ ሰው መልሱ መሥዋዕት፣ ጾምና ስግደት ይመስለዋል። ሳኦልም እንዲሁ መስሎት ነበር። በመጀመሪያ ሳሙኤል ምዕራፍ 15 ከአማሌቅ ምርኮ ምንም እንዳያስቀር ታዝዞ፣ የሰቡትን በጎችና በሬዎች ለመሥዋዕት በሚል ምክንያት አስቀረ። (ትእዛዙ ራሱ ለዘመናችን አንባቢ የሚከብድ ነው፤ እርሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።) ቃሉን ፈጽሜአለሁ ብሎ ሲመጣ፣ ሳሙኤል ታዲያ ይህ በጆሮዬ የምሰማው የበጎች ጩኸት ምንድን ነው ብሎ ጠየቀው። ሳኦል በመጨረሻ ሲናዘዝ የሕዝቡን ድምፅ መስማቱን ተናገረ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ምዕራፉ የማንን ድምፅ ማን ሰማ የሚል ነው፤ ሳሙኤልም መስማት ከመሥዋዕት እንደሚበልጥ አስታወቀው።

ይሁንና ጥያቄው ገና አልተመለሰም። መልሱ ግልጥ ሆኖ የሚገኘው በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ይመስለኛል። እዚያ እግዚአብሔር መበለትንና ድሀ አደግን እንዳያስጨንቁ ያዝዛል፤ ቢያስጨንቋቸውና ወደ እርሱ ቢጮኹ ግን ጩኸታቸውን በእውነት እንደሚሰማ ይናገራል። ግሱ ያው «ሻማዕ» ነው፤ ለማጠንከር ሁለት ጊዜ ተደርቦ ተጽፏል። ቀጥሎም የድሀ ልብስ መያዣ የወሰደ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲመልስለት ያዝዛል፤ ሌላ የሚለብሰው የለውምና፣ በምን ይተኛል? ጋቢውን በመያዣ ሰጥቶ ሌሊቱን በብርድ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው። እርሱ ቢጮኽ እሰማለሁ ይላል እግዚአብሔር።

እንግዲህ ሁለቱ ጩኸቶች እዚህ ላይ ይገናኛሉ። በመንገድ ዳር «የሰሚ ያለህ» ያለው ድሀ ሰው ያጣ እንደሆነ እግዚአብሔር ሰማው፤ እግዚአብሔርም የሰማውን ይዞ ወደ ሕዝቡ ዞሮ «ስሙኝ» ይላል። ከትእዛዛቱ ብዙው የድሀው አቤቱታ ነው፤ ይግባኝ የሚለው ደግሞ ፈጣሪ ነው። ሰሎሞንም በገባዖን የፈለግኸውን ለምን በተባለ ጊዜ የለመነው ነገር፣ በብዙ ትርጉሞች «አስተዋይ ልብ» ተብሎ ቢጻፍም፣ በዕብራይስጡ «ሌቭ ሾሜዓ» ነው፤ የሚሰማ ልብ። ይህንንም ልብ ካገኘ በኋላ መጽሐፉ የሚተርክልን የመጀመሪያው ችሎት የአገረ ገዥ ወይም የሹም ክርክር ሳይሆን፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው የሁለት ጋለሞታዎች ክርክር ነው።

ኤርምያስ ምዕራፍ 34 ይህንኑ በታሪክ ያሳያል። የባቢሎን ጦር ኢየሩሳሌምን ከቦ ሳለ ንጉሥ ሴዴቅያስና ባለጸጎቹ ዕብራውያን ባሪያዎቻቸውን አርነት ለማውጣት ተስማሙ። ወይፈን ለሁለት ሰንጥቀው በመካከሉ አልፈው ማሉ። ባሪያዎቹም ነፃ ወጡ። የግብፅ ሠራዊት መምጣቱ ተሰምቶ ከበባው ጥቂት ሲላላ ግን፣ ያወጧቸውን ወንዶችና ሴቶች መልሰው ባሪያ አደረጓቸው። በዚህ ጊዜ የመጣው የእግዚአብሔር ቃል፣ እያንዳንዳችሁ ለወንድማችሁ አርነት ባለማወጃችሁ አልሰማችሁኝም የሚል ነው። ቤተ መቅደሱ አልተዘጋም፤ መሥዋዕቱም ቀረ አልተባለም። አለመስማታቸው የተቈጠረው በዚያች ወደ ወፍጮዋ በተመለሰች ገረድ ነው።

ዛሬም ታቦት ሲወጣ ነጭ ለብሶ፣ ስለቱን አስገብቶ የሚመለስ፣ እቤቱ ግን የሠራተኛዋን የሦስት ወር ደመወዝ ይዞ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» የሚላት ሰው አይጠፋም። ይህችም ልጅ ከሩቅ አገር የመጣች፣ ከተማ ውስጥ ዘመድ የሌላት ናት። «የሰሚ ያለህ» ብትል ማን ይሰማታል?

መስማትን በዓል አድርጎ የያዘ አንድ ሕዝብ በእኛው አገር ኖሯል፤ ቤተ እስራኤል። ከዋናዎቹ በዓሎቻቸው አንዱ ስግድ ይባላል፤ ስሙ ከግዕዙ «ሰገደ» የወጣ ነው። ከማስተሰረያ ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን ይውላል። ከዚያ ቀን ማለዳ ጀምሮ ጾመው፣ ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው፣ ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው ተራራ ይወጣሉ። በጎንደር አቅራቢያ ያለችው አምቦበር በዚህ በዓል የታወቀች ነበረች። በመንገዱም ድንጋይ በራሳቸው ተሸክመው የሚወጡ ነበሩ፤ የመገዛት ምልክት ነው። እኛ ሐዋሳ ላይ ታቦር ተራራን የምንወጣው ሐይቁን ከላይ ለማየትና አየር ለመቀበል ነው፤ እነርሱ ግን ተራራ የሚወጡት ለመስማት ነው።

እዚያ ከሚነበቡት መካከል የሲና ሕግ የተሰጠበት ክፍልና የነህምያ መጽሐፍ ይገኛሉ። በነህምያ ምዕራፍ 8 ዕዝራ በውሃው በር አደባባይ ከእንጨት በተሠራ መድረክ ላይ ቆሞ ከማለዳ እስከ ቀትር ሕጉን አነበበ፤ ሌዋውያኑም ለሕዝቡ ትርጓሜውን ያስረዱ ነበር። ሕዝቡም በገባው ጊዜ አለቀሰ። አታልቅሱ፣ ሂዱ ብሉ ጠጡ፣ ለሌለውም ላኩለት ተባሉ። የስግድም ጾም ከተራራው ሲወረድ በደስታና በማዕድ ይፈታል። የቤተ እስራኤል መጽሐፍ በዕብራይስጥ ሳይሆን በግዕዝ ነው፤ ሕዝቡ ግዕዝ ስለማያውቅ ቄሶቹ ያነበቡትን ወደ አማርኛና ወደ ትግርኛ ይመልሱለት ነበር። ይህ ሥራ እንደ ትንሽ ነገር መታየት የለበትም። ድምፁን ብቻ የሰማ ገና አልሰማም፤ የእኛም የአንድምታ መምህራን ግዕዙን አንብበው «አንድም፣ አንድም» እያሉ ዘመናቸውን የፈጁት ስለዚሁ ነው።

ከኅዳር 1977 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን በኩል፣ ኋላም ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ 14 ሺህ ያህል ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ በአውሮፕላን ተወስደው፣ የዚህ ሕዝብ አብዛኛው ወደ እስራኤል ሄደ። እዚያም ስግድ አልቀረም። በ2008 እ.ኤ.አ. የእስራኤል ምክር ቤት ብሔራዊ በዓል ብሎ በሕግ ደነገገው። በየዓመቱ ቄሶቹ ጥላቸውን ዘርግተው፣ ኢየሩሳሌምን ከላይ ከሚያሳይ ኮረብታ ላይ ቆመው በግዕዝ ያነባሉ። የዕዝራ ሕግ በተነበበባት ከተማ ፊት፣ ከጎንደር ተራራ የመጣው ግዕዝ ይሰማል።

ከመዝሙረ ዳዊት ሁሉ ኢትዮጵያዊ በቃሉ የሚያውቀው መዝሙር 67 ላይ ያለውን፣ ኢትዮጵያ እጇን ወደ እግዚአብሔር እንደምትዘረጋ የሚናገረውን ነው። ደስ ይለናል፤ እንጠቅሰዋለን፤ ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን። ሌላውን የተዘረጋ እጅ የሚያነሣው ሰው ግን ጥቂት ነው። ኢሳይያስ ምዕራፍ 65 ሲጀምር ስሙን ባልጠራ ሕዝብ ፊት እግዚአብሔር ሁለት ጊዜ «ሂኔኒ» ይላል። ይህ ቃል አብርሃም ሲጠራ፣ ሙሴ ከቍጥቋጦው ሲጠራ፣ ብላቴናው ሳሙኤል በሌሊት ሲጠራ የመለሱት ቃል ነው፤ የእኛ «አቤት» ነው። ማንም ሳይጠራው «አቤት፣ አቤት» አለ። ቀጥሎም ቀኑን ሙሉ እጆቹን ወደ ዓመፀኛ ሕዝብ ዘርግቶ መዋሉን ይናገራል። ግሱ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲያስመርቅ በመሠዊያው ፊት እጁን ዘርግቶ እንደጸለየ የተጻፈበት ግስ ነው። የጸሎተኛ እጅ ነው። ሙሴ በራፊዲም እጁ በዛለ ጊዜ አሮንና ሖር ግራና ቀኝ ቆመው ደግፈውለት ነበር፤ በዚህኛው ምዕራፍ እጁን የደገፈ ሰው አልተጠቀሰም። ወደ ምዕራፉ ፍጻሜ ሲደርስ ደግሞ ስለሚመጣው ዘመን ተስፋ ይሰጣል፤ ገና ሳይጠሩት እንደሚመልስ፣ እነርሱም ነገራቸውን ሳይጨርሱ እንደሚሰማቸው።